ብሩ ሲላጥ ከሥሩ ወርቅ ወጣ፦ ስታዲየም አካባቢ ሜዳሊያ ያሠራሁበት ሱቅ

ለምትቸኩሉ መጀመሪያ ውጤቱን ልንገራችሁ። የወርቅ ሜዳሊያው አሪፍ ነው። ዋንጫውም አያሳፍርም። ነሐሱ ደህና ነው። የብሩ ነገር ግን ያንገበግባል፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም በእሱ ምክንያት ነው።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ ግንቦት ላይ በክፍሎች መካከል የሩጫ ውድድር ያደርጋል። 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1500 ሜትር፣ ከዚያ የዱላ ቅብብል፤ በሴትም በወንድም። እስከ አምና ድረስ ለልጆቹ የምንሸልመው ደብተርና እስክሪብቶ ነበር። ዘንድሮ ርዕሰ መምህራችን "እስቲ ሜዳሊያ እናድርገው" አሉና በጀት ተገኘ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ በዱላ ቅብብሉ ለአራቱም ሯጮች አንድ አንድ ነው። 18 ወርቅ፣ 18 ብር፣ 18 ነሐስ፣ በድምሩ 54 ሜዳሊያ። ለአሸናፊው ክፍል ደግሞ አንድ ዋንጫ።

ስታዲየም አካባቢ ያሉትን የስፖርት ዕቃ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። ማሊያ፣ ኳስ፣ ታኬታ፣ ፊሽካ፣ በመስታወቱ ውስጥ ደግሞ በቁመት የተደረደረ ዋንጫ። አራት ሱቅ አዳረስኩ። አንዱ ለአንድ ሜዳሊያ 250 ብር አለኝ፣ ሌላው 220። ሦስተኛው ከመቶ በታች ትዕዛዝ አንቀበልም ብሎ መለሰኝ። አራተኛው 180 አለ። የሱቁን ስም አልጠራም። ያጠፋውም ያስተካከለውም ያው እሱ ስለሆነ ስሙን አንስቶ ማስጠቆር ልክ አይመስለኝም።

ባለቤቱ ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። የሚሠራላቸው ወጣት ልጅ ደግሞ ቀልጣፋ ነው። ገና ስገባ ወንበር ሳበልኝ፣ ናሙና አወጣልኝ፣ ጽሑፉ የት ቦታ እንደሚቀረጽ በወረቀት ሥሎ አሳየኝ። መስተንግዶውን በተመለከተ ምንም ቅሬታ የለኝም። ናሙናው ወርቅ ነበር። በእጄ ያዝኩት፤ ከበድ ይላል፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ ሯጩ ጎልቶ ይታያል። "የብሩንስ?" አልኩት። "ያው ነው ቲቸር፣ ቀለሙ ብቻ ነው የሚለየው" አለኝ። ሜዳሊያው 9,720 ብር፣ ዋንጫው 2,500፣ በአጠቃላይ 12,220 ሆነ። አስተያየት አድርጉልኝ ብዬ 220ውን አስቀነስኩ። ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ተቀበልኩ። በአምስት ቀን ይደርሳል ተባለ።

በአምስተኛው ቀን ስደርስ ዕቃው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። በቀጠሮ ቀን የሚያደርስ ሰው ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ የምታውቁት ስለሆነ ይህን በደንብ ያዙላቸው። ልጁ አንድ በአንድ እየቆጠረ አስረከበኝ። እዚያ ላይ ነው ነገሩ ዓይኔ የገባው። ወርቁ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የውድድሩ ዓይነት በሌዘር ተቀርጿል። ብሩና ነሐሱ ላይ ግን ስቲከር ነው የተለጠፈው። ሪባኑም አንድ አይደለም። የወርቁ ሰፊና ወፍራም ነው፤ የሌላው ቀጭን፣ ጫፉም የተተረተረ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተለየ?" አልኳቸው።

"ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርህ" አሉኝ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። "ሰው ቀርቦ የሚያየው፣ ፎቶ የሚነሣበት ወርቁን ነው። ብርና ነሐሱ ለማሟያ ነው።"

ውድድሩ በማግስቱ ነበር። ለመመለስ ጊዜ አልነበረኝም። ቀሪውን ከፍዬ ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ያቺ "ለማሟያ" የምትለው ቃል አልለቀቀችኝም። መጀመሪያ የመጣብኝ ሯጩ ስለሺ ስህን ነው። የዛሬ ተማሪዎቼ ብዙም አያውቁትም። አቴንስ 2004 ኦሊምፒክ፣ በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ። ሄልሲንኪ 2005 የዓለም ሻምፒዮና፣ በ10 ሺህ ሁለተኛ፣ እዚያው በ5 ሺህም ሁለተኛ። ኦሳካ 2007 የዓለም ሻምፒዮና፣ በ10 ሺህ ሁለተኛ። ቤጂንግ 2008 ኦሊምፒክ፣ በ10 ሺህ ሁለተኛ። በ10 ሺህ አራቱንም ጊዜ ከፊቱ የነበረው አንድ ሰው ነው፦ ቀነኒሳ በቀለ። ቀነኒሳ ማለት ደግሞ በ2005 ብራስልስ ላይ 26:17.53 ሮጦ፣ ያንን ሰዓት 15 ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካበት ሰው ነው። ታዲያ ስለሺ ያጠፋው ምኑ ላይ ነው? ከቀነኒሳ ጋር በአንድ ዘመን መወለዱ ላይ?

አቴንስን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሻይ ቤት ነበረች፣ ቴሌቪዥኗ ከፍ ብላ ጥግ ላይ የተሰቀለች። በር ላይ ቆመን ነው ያየነው፤ ውስጥ ቦታ የለም። ኃይሌ ገብረሥላሴ ተረከዙ አካባቢ ጅማቱን ታሞ ነበር። ወደኋላ ቀረ። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ዘወር እያሉ ያዩታል። ፍጥነት ይቀንሳሉ። ይጠብቁታል። የኦሊምፒክ ፍጻሜ ላይ እኮ ነው! ከኋላቸው ሌሎች አሉ፣ ዓለም ሁሉ ያያል፣ እነሱ ታላቃቸውን ይጠብቃሉ። ኃይሌ መድረስ እንደማይችል ሲያውቁት ነው የሄዱት። ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ያን ምሽት ሻይ ቤቷ በር ላይ "ስለሺ ብር ብቻ አመጣ" ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። ሁላችንም እንባ በእንባ ነበርን።

ኦሳካ ላይ ደግሞ ስለሺ ወደ መጨረሻው ቀነኒሳን ጥሎት የሄደ መስሎ ነበር። ቀነኒሳ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ተነሥቶ መጣ። ያን ጊዜ ልቤ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። ቀነኒሳ እንዲያሸንፍ እፈልጋለሁ፣ ስለሺም አንድ ቀን እንዲደርሰው። አልደረሰውም። ስለሺ በትራክ ላይ የኦሊምፒክም የዓለም ሻምፒዮናም ወርቅ ሳያገኝ ነው ያለፈው። ግን አረንጓዴው ጎርፍ የምንለው፣ ሯጮቻችን አረንጓዴ ማሊያ ለብሰው ተከታትለው የሚገቡበት ነገር ያለ እሱ ምን ይመስል ነበር? ቀነኒሳ ብቻውን ጎርፍ አይሆንም።

ወደ ውድድሩ ቀን ልምጣ።

ሜዳችን አፈር ነው፣ ዙሩ 200 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ መስመሩን በኖራ ነው የምናሰምረው። ወላጆች መጥተው ነበር። ሜዳሊያዎቹ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ከሩቅ ያብረቀርቃሉ። ከሩቅ ሲታዩ ሦስቱም ቆንጆ ናቸው።

በ1500 ሜትር ወንዶች አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ አለኝ፣ አምና አንደኛ የወጣ። ዘንድሮ ሌላ ልጅ ደረሰበት። የመጨረሻው ዙር ላይ አለፈው። ልጄ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተለውና ቆመ። በቃ ቆመ። ከመስመሩ ወጣ። ሦስተኛ ላይ ከነበረው ልጅ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ይቀድም ነበር። ሮጬ ሄጄ "ተጎዳህ እንዴ?" አልኩት። "አይ ቲቸር፣ ካላሸነፍኩ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ይህን ከእኔ አልሰማም፤ ከክፍል ውስጥም የሰማው አይመስለኝም። ከቤት፣ ከሰፈር፣ ከቴሌቪዥን ፊት ነው የሰማው፤ ሁላችንም ሯጮቻችን ብር ይዘው ሲመጡ "ምን ሆነው ነው?" ስንል ሰምቶናል።

ከዚያ የሴቶች 800 መጣ። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ልምምድ ላይ አንድም ቀን ቀርታ የማታውቅ። አራቱንም ዙር ሁለተኛ ሆና ሮጠች። የመጨረሻዋ ሠላሳ ሜትር ላይ ተጠጋች፣ ተጠጋች፣ አልደረሰችም። በእጄ ሰዓት 2:51 እና 2:52 ነው የያዝኩት። አንድ ሰከንድ። ሜዳሊያዋን አጠለቅንላት፣ ሳቅ ብላ በእጇ ጨበጠችው። እናቷ መጡ። አቀፏት፣ ሳሟት። ከዚያ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ "አንደኛዋ ማናት?" የሚል ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እኔም ሁለተኛ ስወጣ አባቴ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነበር፤ "አንደኛ የወጣው ልጅ ምን፣ ሁለት ጭንቅላት አለው?" ይሉኝ ነበር።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ልጅቷ ወደ እኔ መጣች። ቀኝ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። መዳፏ ብር ሆኗል። ላብ ነክቶት ቀለሙ ለቋል። ሜዳሊያው ላይ የሯጩ ደረትና ጉልበት ተልጦ ከሥሩ ቢጫ ወጥቷል።

"ቲቸር፣ እኔ አይደለሁም የላጥኩት። መያዝ ብቻ ነው የያዝኩት" አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ይህን ስጽፍ አሁንም ሆዴ ይባባል። አሸንፋ ሳይሆን ሁለተኛ ወጥታ፣ ያገኘችውን ሽልማት ያበላሸችው እሷ እንደሆነች ነው ያሰበችው። አንድ ልጅ ከኋላዋ "ከሥሩ ወርቅ ነው!" ብሎ ጮኸ፣ ሌላው "የብሩ ፌክ ነው" አለ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ የወጡት ልጆች ሁሉ ሜዳሊያቸውን በጥፍራቸው ይፍቁ ጀመር። እሷ አውልቃ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሦስት የተላጡ ሜዳሊያዎች ይዤ።

ጋሼ አገላብጠው አዩት። አልካዱም፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። "ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣልን ወርቁ ነው" አሉ። "ብር የሚፈልግ ሰው ጥቂት ስለሆነ አናስመጣም። ትዕዛዝ ሲመጣ ወርቁን እዚሁ በስፕሬይ እንቀባዋለን። ቀለሙ ከሥር መያዣ ይፈልግ ነበር፤ ልጆቹ ቸኩለው ነው።" ነሐሱም እንደዚያው ነው፣ ግን ቡናማው ቀለም ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይዟል።

"ጋሼ፣ የኦሊምፒኩ እኮ ተገላቢጦሽ ነው" አልኳቸው። "የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ውስጡ ብር ነው። ከላይ 6 ግራም ገደማ ወርቅ ነው የሚለበጥበት። የፓሪስ 2024ቱ 529 ግራም ይመዝን ነበር፣ 18 ግራሙ ከአይፍል ማማ የተወሰደ ብረት ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ብር። እንዲያውም በ1896 አቴንስ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ሲደረግ አንደኛ ለወጣው የተሰጠው የብር ሜዳሊያ ነው። ወርቁ በ1904 ነው የመጣው።"

ይህን አያውቁም ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጁ ሻይ አመጣ። ከዚያ የተከራከርነውን ብጽፍ አያልቅም፤ ግን የሳቸውም ሐሳብ ባዶ አይደለምና ላስቀምጠው።

"ቲቸር፣ አንደኛና ሁለተኛ እኩል ከሆነ ለምን ይሮጣል?" አሉ። "ሠላሳ ዓመት ዋንጫ ሸጫለሁ። የሁለተኛ ዋንጫ ስንቴ የተጠየቅኩ ይመስልሃል? ፓሪስ ላይ ሦስት ብር ይዘን መጥተን ሰው ተናዶ አልነበር? በአበበ ቢቂላ አገር ሁለተኛ ማለት አልሆነም ማለት ነው።"

እኩል ነው አላልኩም። አሁንም አልልም። ወርቅ ወርቅ ነው፤ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ በተጠባባቂነት ተይዞ፣ በሲሳይ ለማ ቦታ ገብቶ ማራቶኑን በ2:06:26 ሲያሸንፍ እኔም ጎረቤቱን ሁሉ አስነሥቻለሁ። ሯጩ ራሱ ብር አግኝቶ ቢቆጭም መብቱ ነው፤ የለፋው እሱ ነው፣ ምን እንዳመለጠው የሚያውቀው እሱ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሶፋ ላይ ተቀምጠን "ወድቋል" የምንለው እኛ ነን። ለመሆኑ እነዚያን ሦስት ብሮች ቀርበን አይተናቸዋል?

በሪሁ አረጋዊ በ10 ሺህ 26:43.44 ገባ። ያሸነፈው የዩጋንዳው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 26:43.14። ሦስተኛ የወጣው አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 26:43.46። ሃያ አምስት ዙር ሮጠው በአንድ እስትንፋስ ውስጥ ነው የገቡት። በሪሁ ከሦስት ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ አራተኛ ነበር፣ ባዶ እጁን ነው የተመለሰው። ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ መጥቶ ወደቀ ይባላል?

ጽጌ ዱጉማ በ800፣ 1:57.15። ከፊቷ እንግሊዛዊቷ ኪሊ ሆጅኪንሰን፣ 1:56.72። እኛ በ10 ሺህና በማራቶን የምንታወቅ ሰዎች በ800 ሜትር የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስናይ መዝለል ነበረብን።

ትዕግሥት አሰፋ በማራቶን፣ 2:22:58፤ ያሸነፈችው ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን 2:22:55። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ተሮጦ ሦስት ሰከንድ! መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፉ አይታችኋል። ይህችው ትዕግሥት በ2025 ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ከኬንያዊቷ ፔሬስ ጄፕቺርቺር ሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይታ ሁለተኛ ሆነች። 2:24:43 እና 2:24:45። በመሐል ደግሞ በ2025 ለንደንን አሸንፋለች፤ በ2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ሮጣ ዓለምን ያስደነገጠችውም እሷ ናት። ይህችን ሴት "አልሆነላትም" የሚል ሰው ከቤቱ ወጥቶ እስከ ታክሲ ድረስ ሮጦ ይሞክረው።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "ለሜቻስ?" አሉ። ራሳቸው ናቸው ያነሡት።

ለሜቻ ግርማን ያነሣ ሰው የሰውን ልብ ያውቃል። በ3000 ሜትር መሰናክል፣ በዶሃ 2019 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ከኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ ጋር እኩል የገባ መስሎ ነበር። 8:01.35 እና 8:01.36። አንድ መቶኛ ሰከንድ። ሱቁ ውስጥ ልጁ ቪዲዮውን በስልኩ ከፍቶ ሦስት ጊዜ አየነው፤ በዓይን አይለይም። ከዚያ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለተኛ፣ በዓለም ሻምፒዮና ዩጂን 2022 ሁለተኛ፣ ቡዳፔስት 2023 ሁለተኛ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከፊቱ የሞሮኮው ሱፊያን ኤል ባካሊ። በመካከሉ በ2023 ሰኔ ወር ፓሪስ ላይ 7:52.11 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በታሪክ ከእሱ ፈጥኖ ይህን ርቀት የሮጠ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ያው ሰው አራት ጊዜ ሁለተኛ ነው።

ፓሪስ 2024 ፍጻሜ ላይ መጨረሻው ዙር ላይ መሰናክሉ እግሩን ያዘው። ወደቀ። አልተነሣም። በቃሬዛ ነው የወጣው። ያን ቀን ወርቅም ብርም ማን ያስባል፣ ልጁ ነፍሱ እንድትተርፍ ነው የጸለይነው። "መውደቅ" የሚለውን ቃል ለብር ሜዳሊያ የምንጠቀም ሰዎች የዚያን ምሽት እውነተኛ መውደቅ ምን እንደሚመስል አይተናል።

ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። "እሱስ ልክ ነህ" አሉ ቀስ ብለው።

አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ሲድኒ 2000ን የሚወዱት ይመስለኛል፣ በ10 ሺህ ሜትር ኃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት። የማይወደው ኢትዮጵያዊ የለም። 27:18.20 እና 27:18.29። ዘጠኝ መቶኛ። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ እንኳን በአሥራ ሁለት መቶኛ ነበር የተለያዩት፤ 10 ሺህ ሜትር የሮጡት እነዚህ ከእነዚያ ይልቅ ተቀራርበው ገቡ ማለት ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ቪዲዮ የምናየው ለምንድን ነው? ኃይሌ ብቻውን መቶ ሜትር ቀድሞ ገብቶ ቢሆን እናየው ነበር? ቴርጋት አትላንታም ላይ ሁለተኛ ነበር፣ ከኃይሌ ኋላ። እሱ ግን አገር አቋራጭን አምስት ጊዜ አከታትሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ በ2003 በርሊን ላይ ማራቶንን 2:04:55 ሮጦ ክብረ ወሰን ይዟል። ያንን ሰዓት ኋላ የሰበረው ደግሞ ያው ኃይሌ ነው፣ እዚያው በርሊን፣ በ2007። ማሞ ወልዴም ሜክሲኮ 1968 ላይ በ10 ሺህ ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው የወጣው። ከሳምንት በኋላ ማራቶኑን አሸነፈ። ያ ብር ውድቀት ነው ብሎ አንገቱን ደፍቶ ቢሆን ኖሮ ያ ማራቶን የሌላ አገር ነበር።

እንግዲህ ወደ ግምገማው። ጋሼ 18ቱንም ብር እንደገና በነጻ እንሠራለን አሉ። በዚህ ጊዜ አልተቀባም፤ ከሌላ አስመጪ እውነተኛ የብር ቀለም የተነከረ ገዝተው ነው የሠሩት። ጽሑፉ በሌዘር ተቀረጸ። ሪባኑ ከወርቁ ጋር አንድ ሆነ። እኔ ደግሞ ከጀርባው ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ሰዓት እንዲቀረጽ ጠየቅኩ፤ ለአንዱ 30 ብር፣ በጠቅላላው 540፤ ግማሹን ቀነሱልኝ። ሰባት ቀን ፈጀ፣ ሁለት ቀን አሳልፈዋል፤ ግን ደውለው ነገሩኝ። ልረከብ ስሄድ አንዱን በውሃ አርሼ በመሐረብ ፈተግኩት። ምንም አልሆነም።

ነሐሱ ላይ ያለው ስቲከር እንዳለ ነው። እሱን በሚቀጥለው ዓመት እናስተካክላለን ተባብለናል። ዋንጫው እግሩ ላይ ትንሽ ይወዛወዛል፤ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ጠበቅ ስታደርጉት ይቆማል።

እንደ እኔ ማሠራት የምትፈልጉ ካላችሁ ሦስቱንም ናሙና አስወጡ፣ ወርቁን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። ብሩን በጥፍራችሁ ሞክሩት። ጽሑፉ በሌዘር ነው ወይስ በስቲከር ብላችሁ ቀብድ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ዋጋው ከአካባቢው ሁሉ ይሻላል፣ ጠባያቸውም ጥሩ ነው፣ ሲሳሳቱ ይሰማሉ። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣቸዋለሁ። ብሩ መጀመሪያውኑ እንደ ወርቁ ተሠርቶ ቢሆን አራት ተኩል ነበር።

አዲሶቹን ሜዳሊያዎች ሰልፍ ላይ ነው የሰጠናቸው፣ በድጋሚ ስማቸው እየተጠራ። ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ተቀበለችና መጀመሪያ በአውራ ጣቷ ፈተገችው። መዳፏን አየች። ንጹሕ ነው። ከዚያ ገለበጠችው።

"2:52" ብላ አነበበች። "የእሷ ስንት ነበር ቲቸር?"

"2:51።"

"አንድ ሰከንድ ብቻ?" አለችኝ። ያን ቀን አላወቀችም ነበር፤ ማንም አልነገራትም፣ እኔም አልነገርኳትም። ሪባኑን አስተካክላ አንገቷ ላይ አጠለቀችውና ወደ ክፍሏ ሰልፍ ተመለሰች። ያ የ1500 ሜትሩ ልጅ ከኋላ ቆሞ ያያታል። በእረፍት ሰዓት መጥቶ የቅዳሜ ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠየቀኝ። 12 ሰዓት አልኩት።

ለማዘዝ ካሰባችሁ ከሰኔ በፊት ሂዱ። ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሁሉ መዝጊያ ስለሚያዘጋጅ ወረፋው ብዙ ነው።